ልጁ ካለበት መጀመር፦ የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎችን በማስጠናት ያገኘሁት ተሞክሮ

ከዩኒቨርሲቲያችን ብዙም በማይርቅ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ሆኜ ልጆችን ማስጠናት ከጀመርኩ ሰንብቻለሁ፤ መጀመሪያ እንደ አስጠኚ፣ ኋላም አስጠኚዎችን ከልጆች ጋር የማገናኘቱን ሥራ ተረክቤ። ትምህርት ቤቱ ተማሪ የበዛበትና መጽሐፍ ያነሰበት ነው፤ መምህራኑም ፊደል ያልለየውንና አንብቦ የሚረዳውን ልጅ በአንድ ክፍል ውስጥ እኩል እንዲያስተምሩ ይጠበቅባቸዋል። እንዲህ ዓይነት ትምህርት ቤት በብዙ ቦታ ስለሚገኝ የቦታውን ዝርዝር ትቼ፣ ሥራውን ለመጀመር ያሰቡ ወይም ጀምረው ግራ የተጋቡ የኮሌጅ ተማሪዎችን ይጠቅማል ያልኩትን ብቻ እጽፋለሁ።

አብዛኞቻችን ወደዚህ ሥራ ስንገባ ለልጆቹ የምንሰጠው ዋናው ነገር ዕውቀታችን ይመስለናል። የሦስተኛ ክፍል ሒሳብ የሚያቅተው የኮሌጅ ተማሪ እንደሌለ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን ይህ ዕውቀት የክፍሉንም መምህር አይጎድለውም። መምህሩ ያጣው ጊዜ ነው፤ ከአንድ ልጅ አጠገብ ለግማሽ ሰዓት ተቀምጦ፣ ልጁ አንድን ጥያቄ ሲሠራ ምን እያሰበ እንደሆነ ለመስማት የሚበቃ ጊዜ። የኮሌጅ ተማሪ ሊያበረክት የሚችለው ትልቁ ነገር ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለ ንባብም ሆነ ስለ ሒሳብ፣ ስለ ሰዓት ማክበርም ሆነ ስለ ርክክብ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ አንድን ልጅ በቅርብ ከማወቅ የሚመነጭ ነው።

ከአዲስ ልጅ ጋር ሲጀመር ቀዳሚው ጥያቄ ስንተኛ ክፍል ነው የሚለው መሆን የለበትም። ልጁ አራተኛ ክፍል ስለደረሰ የአራተኛ ክፍልን መጽሐፍ ያነባል ብሎ መነሳት ብዙ ጊዜ ያሳስታል፤ ከክፍል ወደ ክፍል የተዛወረው ዓመቱን ስለጨረሰ እንጂ የታችኛውን ክፍል ትምህርት ስለጨበጠ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም ሳናስተምር ደረጃውን ብቻ እንፈትሻለን። ለንባብ አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል፤ ከላይ የተበታተኑ ፊደላት፣ ቀጥሎ አጫጭር ቃላት፣ ከዚያ ጥቂት ቀላል ዓረፍተ ነገሮች ያሉት አንቀጽ፣ በመጨረሻም አጭር ታሪክ ይጻፍበታል። ልጁ ሳይደናቀፍ የዘለቀው የመጨረሻው እርከን የሥራችን መነሻ ይሆናል። ለሒሳብም እንዲሁ ቁጥር ከመለየት ተነስተን ወደ መደመርና መቀነስ፣ ከዚያም ወደ ማባዛትና ማካፈል እንሄዳለን። ነጥብ አይሰጥበትም፤ ልጁ ሲሳሳትም ፊታችንን አናጠቁርም፤ በቃኝ ሲል ወረቀቱ ይታጠፋል።

ይህ አሠራር የእኛ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 በሕንድ ሙምባይ የተመሠረተው ፕራታም የተባለው ድርጅት ልጆችን በዕድሜያቸውና በክፍላቸው ፋንታ በሚችሉት ደረጃ መድቦ በማስተማር ይታወቃል። ድርጅቱ በሙምባይና በቫዶዳራ ከተሞች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያጠናቀቁ የአካባቢውን ወጣት ሴቶች ለሁለት ሳምንት ያህል አሠልጥኖ፣ ወደኋላ የቀሩ የሦስተኛና የአራተኛ ክፍል ልጆችን ከመደበኛው ክፍል እያወጡ በየቀኑ ለሁለት ሰዓት መሠረታዊ ንባብና ስሌት እንዲያስተምሯቸው አድርጎ ነበር። አብሂጂት ባነርጂ፣ ኤስተር ዱፍሎና የሥራ ባልደረቦቻቸው ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው ጥናት የልጆቹ ውጤት በግልጽ መሻሻሉን አሳይቷል፤ ሁለቱ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ከማይክል ክሬመር ጋር የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ከተሸለሙባቸው ሥራዎች መካከል የዚህ ዓይነት የመስክ ጥናቶች ይገኙበታል። እኔን የሳበኝ ከሽልማቱ ይልቅ የወጣቶቹ ጉዳይ ነው። የመምህርነት ዲፕሎማ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ልጁ ካለበት እንዲጀምሩ የሚያስችል አሠራር ነው።

ደረጃ መፈተሽ ቀላል መስሎ ቢታይም አንድ ወጥመድ አለው። አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ የክፍሉን መጽሐፍ ገልጦ አንድ ሙሉ ገጽ ያለ አንዳች ስህተት ሲያነብልኝ ጣቱን አየሁት፤ አፉ ሦስተኛውን መስመር ሲያነበንብ ጣቱ አምስተኛው መስመር ላይ ነበር። ገጹን ከክፍል ጓደኞቹ ጋር በኅብረት ደጋግመው ሲሉት በቃሉ ይዞታል እንጂ እያነበበው አልነበረም። እዚያው ገጽ ላይ ካሉት ቃላት አንዱን በተለየ ወረቀት ጽፌ ሳሳየው ዝም አለ፤ ቀና ብሎም አየኝ። በቃል መያዝ በራሱ ነውር የለበትም፤ እንዲያውም ልጁ ምን ያህል የማስታወስ ችሎታ እንዳለው ይነግረናል። ነገር ግን ለፍተሻ ልጁ አይቶት የማያውቀውን ጽሑፍ መጠቀም፣ ሥዕሉንም መሸፈን የግድ ነው። ከዚያ ዕለት በኋላ የፍተሻ ወረቀቶቻችንን ሁሉ ራሳችን ነው የምንጽፋቸው።

ከዚህ ልጅ ጋር ሥራው ከፊደላትና ከድምፃቸው ተጀመረ። የሚያውቃቸውን ፊደላት ለብቻ፣ የሚያምታቱትን ለብቻ ለይተን፣ በአንድ ቀን ከሁለት ሦስት የማይበልጡትን እያነሳን፣ ወዲያውም በቃላት ውስጥ እያስገባን ቀጠልን። ፊደል ለይተው ቃላትን መገጣጠም ለቻሉ ልጆች ደግሞ እንግሊዛዊው ሮጀር ሞርጋን የጀመረውና በስኮትላንድ ዱንዲ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ኪት ቶፒንግ ያስፋፉት የጥንድ ንባብ ዘዴ በጣም ጠቅሞናል። አስጠኚውና ልጁ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱን ጽሑፍ በአንድነት ድምፅ አውጥተው ያነባሉ፤ ልጁ ለብቻዬ ልቀጥል ሲል አስቀድመው በተስማሙበት ምልክት፣ ለምሳሌ ጠረጴዛውን መታ በማድረግ፣ ያሳውቃል፤ አስጠኚውም ዝም ይላል። ልጁ አንድ ቃል ላይ ሲሰናከል አስጠኚው አራት ወይም አምስት ሰከንድ ያህል ይጠብቃል፤ ካልተስተካከለ ቃሉን ራሱ ይለዋል፣ ልጁም ይደግመዋል፣ ከዚያም እንደገና በአንድነት ይቀጥላሉ። ስብከት የለም፣ «ትናንት አሳይቼህ አልነበር?» የለም። ሥልጠናው ከአንድ ከሰዓት አያልፍም፤ አዲስ አስጠኚ ከሚማራቸው ነገሮች ሁሉ በቶሎ የሚለመደውም እሱ ነው።

በሒሳብ በኩል ልጁን መስማት ምን ማለት እንደሆነ ያስተማረችኝ አንዲት የአራተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ደብተሯ ላይ ግማሹ የመቀነስ ጥያቄ ልክ፣ ግማሹ ስህተት ሆኖ ታርሟል፤ ከሥሩም «ተጠንቀቂ» የሚል ተጽፎበታል። 78 ሲቀነስ 25 ብላ 53 አግኝታለች፤ ልክ ነው። 52 ሲቀነስ 17 ግን 45፣ 81 ሲቀነስ 36 ደግሞ 55 ሆነውባታል። ለሚያልፍ ሰው ግድየለሽነት ይመስላል። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሁለተኛውን ጥያቄ ድምፅ አውጥታ እንድትሠራልኝ ስጠይቃት እንዲህ አለች፦ «ከ7 ላይ 2 ሲቀነስ 5፤ ከ5 ላይ 1 ሲቀነስ 4፤ 45።» በየቤቱ፣ ከላይም ይሁን ከታች፣ ከትልቁ ቁጥር ላይ ትንሹን ትቀንሳለች። መበደር የማያስፈልግበት ጥያቄ ሁሉ በዚህ ደንብ ልክ ይመጣል፤ የሚያስፈልግበት ሁሉ ይሳሳታል። ልጅቷ ተጠንቅቃለች፤ የያዘችው ደንብ ነው የተሳሳተው። ጆን ሲሊ ብራውንና ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት ብዙዎቹ የልጆች የስሌት ስህተቶች በግምት የሚመጡ ሳይሆኑ ራሱን የቻለ፣ ወጥነት ያለው የአሠራር ሕግ የሚከተሉ ናቸው።

እንዲህ ላለች ልጅ «ከአሥር ቤት ተበደሪ» ብሎ ደንቡን መድገም ዋጋ የለውም፤ ያንን ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ ሰምታዋለች። አሥር አሥር ሆነው በላስቲክ የታሰሩ ቀጫጭን እንጨቶች አቀረብኩላትና 52ን ሥሪልኝ አልኳት፤ አምስት እስርና ሁለት ነጠላ አስቀመጠች። 17 ስጪኝ ስላት አንዱን እስር ወዲያው አነሳች፤ ከዚያ ሁለቱን ነጠላ እንጨቶች እያየች ቆመች። ሰባት የሉም። ብዙ ቆይታ አንዱን እስር አንስታ «ልፍታው እንዴ?» ብላ ጠየቀች። ከዚያ በኋላ እኔ የምጨምረው ነገር አልነበረም። የቀረውን ቆጥራ 35 ካለች በኋላ ወደ ደብተሯ ተመልሳ 45ን ራሷ ሰረዘችው፤ ከዚያ እያንዳንዱን እርምጃ በእንጨቱ እየሠራች ጎን ለጎን በቁጥር እንድትጽፈው አደረግን። ያለ እንጨት እስክትሠራው ድረስ ሳምንታት ፈጅቷል፤ ይህንን የምጽፈው «ልፍታው» ያለችበት ዕለት ሁሉ ነገር ያለቀ እንዳይመስል ነው።

ልጅን ለመስማት ዝም ማለት ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ ለእኛ በተለይ ይከብደናል። ሜሪ ባድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ባካሄዷቸው ጥናቶች መምህራን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን፣ ይህ ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲረዝም ግን የልጆቹ መልስ እንደሚረዝም፣ ዝም የሚሉትም ልጆች እንደሚያንሱ አረጋግጠዋል። ሦስት ሰከንድ ወረቀት ላይ ኢምንት ነው፤ የሚያፈጥ ልጅ ፊት ሲቀመጡ ግን ይረዝማል። አዳዲስ አስጠኚዎችን የምመክረው ጥያቄውን ጠይቀው እጃቸውን ከእርሳሱ ላይ እንዲያነሱ ነው። እርሳስ የያዘ አስጠኚ የልጁን ጥያቄ ራሱ ሠርቶ ሲጨርስ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ልጁም በትሕትና እያየው ይቀመጣል።

ስለ ማመስገንም አንድ ነገር ልጨምር። ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት በጉብዝናቸው የተመሰገኑ ልጆች ከከበደ ጥያቄ በኋላ ተስፋ ለመቁረጥ ሲፈጥኑ፣ በጥረታቸው የተመሰገኑት ግን እንደጸኑ አሳይተዋል። እኛ ጋ «ጎበዝ!» ከአፍ የማይጠፋ ቃል ስለሆነ አታውጡት ማለት ከንቱ ነው፤ ነገር ግን ከ«ጎበዝ» በኋላ ልጁ በትክክል ምን እንዳደረገ መናገር ይቻላል፦ «ጎበዝ፤ ቃሉ ሲያስቸግርህ ወደ መስመሩ መጀመሪያ ተመልሰህ አነበብከው።» ይህን ለማለት አስጠኚው በእርግጥ አይቶ መሆን አለበት።

ብዙ ውዝግብ የሚነሳው ስለ ቤት ሥራ ነው። ልጁ ከክፍሉ መጽሐፍ የተሰጠ የቤት ሥራ ይዞ ይመጣል፤ ልጁ ያለበት ደረጃ ደግሞ ሁለት ዓመት ከዚያ በታች ነው። የቤት ሥራው ሳይሠራ ቢቀር ነገ ክፍል ውስጥ ያፍራል፤ ሙሉ ጊዜው ለቤት ሥራው ቢውል ደግሞ አስጠኚው እየነገረው ልጁ ይጽፋል እንጂ አይማርም። እኔ የቆምኩት ከመሠረቱ ጎን ነው፤ ሆኖም ልጁን ለውርደት አሳልፎ መስጠት ስለማይገባ ከክፍሉ መምህርት ጋር ተነጋግረን፣ በእኛ ሥር ያሉት ልጆች ከተሰጠው የቤት ሥራ ውስጥ ጥቂቱን ብቻ እንዲሠሩ ተስማማን። ይህ ሊሆን የቻለው ከመምህሯ ጋር አስቀድመን ስለተግባባን ነው። ወደ ትምህርት ቤት የሚገባ የኮሌጅ ተማሪ በርዕሰ መምህሩ በኩል ገብቶ፣ ከክፍሉ መምህር ጋር ተዋውቆ፣ ምን እንድናግዝዎት ይፈልጋሉ ብሎ መጠየቅ አለበት። መምህሩ መቀነስን በአንድ መንገድ ካስተማረ አስጠኚው በዚያው መንገድ ማስረዳት ይገባዋል፤ የተሻለ ነው ያለውን ሌላ መንገድ ቢያመጣ ልጁ በሁለት ሰዎች መካከል ይቆማል። መምህሩን በልጁ ፊት መንቀፍማ ከቶ የሚታሰብ አይደለም።

የልጆቹ አመራረጥም ከመምህሩ ጋር የሚሠራ ነው። ደካማ የተባሉትን ብቻ ለቅሞ ከክፍል ማውጣት ልጆቹን መሳለቂያ ያደርጋቸዋል፤ እኛ በደህና ደረጃ ላይ ያሉ፣ ራሳቸው እናጥና ያሉ ጥቂት ልጆችንም ስንጨምር ጥናቱ የቅጣት መልኩን አጣ። አንድ አስጠኚ ከአንድ ወይም በእኩል ደረጃ ካሉ ሁለት ልጆች ጋር ቢቀመጥ ጥሩ ነው። ከሦስት ካለፈ እንደገና ክፍል ሆነ ማለት ነው።

ጥናት ብቻ አይደለም የምናደርገው፤ ጨዋታም አለ፣ ወሬም አለ። ከልጆቹ ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሚማር ሰው በቅርብ አይተው አያውቁም፤ ስለዚህ ይጠይቃሉ። የሚተኛው የት ነው? የሚቀሰቅስ ሰው አለ? ያረፈደ ይገረፋል? ስለ ትምህርት ጥቅም ከሚደረግ ንግግር ይልቅ ለእነዚህ ጥያቄዎች በቅንነት የሚሰጥ መልስ የበለጠ ይሠራል ብዬ አስባለሁ። አንድ ቀን ታርሞ የተመለሰልኝን የፈተና ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ያየ ልጅ ቀዩን ብዕር በጣቱ እየተከተለ «ቲቸር፣ እርስዎንም ያርሙዎታል እንዴ?» አለኝ። አዎ፣ ያርሙኛል አልኩት፤ ስህተቴ የት ላይ እንደሆነም አብረን አየን። የኢንቴግሬሽን የሒሳብ ምልክቱን የተጣመመ ፊደል ነው ብሎ ደመደመ፤ ከአንዳንድ የክፍል ጓደኞቼ ማብራሪያ የተሻለ ነው።

የልጆች ደኅንነት ጉዳይ ከሁሉም ቀድሞ ሊጻፍ የሚገባው ነበር፤ እዚህ ያኖርኩት ከዚህ ቅርበት ጋር ስለሚያያዝ ነው። ልጁ ባመነን ቁጥር ኃላፊነታችን ይጨምራል። ማንም አስጠኚ ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ውስጥ ብቻውን አይቀመጥም፤ የምናስጠናው በሩ ክፍት በሆነ፣ ሌሎች ሰዎች በሚያዩት ቦታ ነው። የልጆችን ፎቶ አንስቶ በማኅበራዊ ሚዲያ መለጠፍ የተከለከለ ነው፤ የለጋሽነት ስሜት ቢያሳድርብንም የልጁን ችግር ለማያውቀው ሕዝብ ማሳየት ነው። ከልጁ ጋር በግል ስልክ መጻጻፍ፣ ከትምህርት ቤት ውጭ መቀጣጠር፣ ወደ ቤት መውሰድ አይፈቀድም። ልጁ «ለማንም አትናገር፣ አንድ ነገር ልንገርህ» ሲል «አልናገርም» ብሎ ቃል መግባት አይገባም፤ የሚጎዳህ ነገር ካለ ሊረዳህ ለሚችል ሰው መንገር ይኖርብኛል ብሎ አስቀድሞ መግለጽ ይሻላል። ከዚያም የሰሙትን ልጁ ባለው ቃል ጽፎ፣ በራስ ምርመራ ሳይጀምሩ፣ ትምህርት ቤቱ ለዚህ ለመደበው ሰው በዚያው ዕለት ማድረስ ነው። ይህ ሰው ማን እንደሆነ ሥራው ከመጀመሩ በፊት መታወቅ አለበት።

ርቦት የመጣ ልጅ፣ ደብተር ያጣ ልጅ፣ መነጽር እንደሚያስፈልገው የሚያስታውቅ ልጅ ያጋጥማል። ከኪስ እያወጡ መስጠት የልብ ነው፤ ግን አስጠኚው የመጣበት ዓላማ ይለወጣል፤ ያልተሰጠው ልጅም ያያል። ያየነውን ለትምህርት ቤቱ አሳውቀን፣ የምንሰጠውም ካለ በትምህርት ቤቱ በኩል እንዲደርስ ማድረጉ የልጁንም ክብር ይጠብቃል። ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ለማየት ዓይኑን የሚያጨናብስ ልጅ ግን ቶሎ ይነገርለት፤ ሰነፍ የተባለ ልጅ ችግሩ የዓይን ሆኖ ሊገኝ ይችላልና።

ቀጥሎ ያለው ጉዳይ የኮሌጅ ተማሪ ሁሉ ደካማ ጎን ነው፦ መቅረት። ወሩ ቢለያይም በየትኛውም የትምህርት ካላንደር የፈተና ወቅት ይመጣል፤ ያን ጊዜ መጀመሪያ የሚሰረዘው ይህ ሥራ ነው። ጂን ግሮስማንና ጂን ሮድስ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት ቢግ ብራዘርስ ቢግ ሲስተርስ በተባለው የአሜሪካ ድርጅት በኩል ከአዋቂ ጋር የተገናኙ ልጆችን ተከታትለው፣ ግንኙነታቸው ዓመትና ከዚያ በላይ የዘለቀላቸው ልጆች በብዙ መልኩ ሲጠቀሙ፣ በሦስት ወር ውስጥ የተቋረጠባቸው ግን ለራሳቸው ያላቸው ግምት እንደወረደ አሳይተዋል። በሌላ አነጋገር ጀምሮ መጥፋት ካለመጀመር ሊከፋ ይችላል። ልጅ አስጠኚው የቀረው ፈተና ስላለበት መሆኑን አያስብም፤ እኔ ስላልገባኝ ሰልችቶት ነው ብሎ ነው የሚያስበው።

ስለዚህ ለመመዝገብ የሚመጣ ተማሪ ስለ ልጅ ፍቅሩ ሳይሆን ስለ ሳምንታዊ ፕሮግራሙ ይጠየቃል። ክላስ የሌለበት ሰዓት የትኛው ነው? ልምምድ የሚወጣው መቼ ነው? በሳምንት አራት ቀን እመጣለሁ የሚል ቀናተኛ ሁለት ቀን ተብሎ ይመዘገባል። የፈተና ሳምንታት ከመጀመሪያው በካላንደሩ ላይ ይሰመርባቸዋል፤ ልጁም «በእነዚህ ሳምንታት አልመጣም፤ በዚህ ቀን እመለሳለሁ» ተብሎ ቀኑ ደብተሩ ላይ ይጻፍለታል። በእስራኤል እ.ኤ.አ. በ1974 በዋይዝማን የሳይንስ ተቋም የተጀመረው ፔራህ የተባለው ፕሮግራም ለዚህ ችግር ሌላ መፍትሔ አለው፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድን ልጅ ዓመቱን ሙሉ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በድምሩ አራት ሰዓት ያህል ይረዱና ከትምህርት ክፍያቸው የተወሰነው ይሸፈንላቸዋል። ለሥራው ክፍያ መኖሩ በጎነቱን ይቀንሳል የሚሉ ጓደኞች አሉኝ፤ እኔ ግን ከትርፍ ጊዜ በሚገኝ በጎ ፈቃድ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ልጅ ያሳስበኛል። ዩኒቨርሲቲያችሁ ክፍያ ባይችል እንኳ ሰዓቱን ለማኅበረሰብ አገልግሎት እንዲቆጥር መጠየቅ ይቻላል።

ምን ያህል ለውጥ መጠበቅ ይገባል? አሜሪካዊው የትምህርት ተመራማሪ ቤንጃሚን ብሉም እ.ኤ.አ. በ1984 በግል አስጠኚ የተማረ መካከለኛ ተማሪ በተለመደው ክፍል ከተማሩት 98 በመቶውን እንደሚበልጥ ጽፈው ነበር፤ ይህ ቁጥር እስከ ዛሬ በየመድረኩ ይጠቀሳል። ቆየት ብለው የመጡት ጥናቶች ግን ልከኛ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 ኒኮው፣ ኦሬዮፑሎስና ኳን የተባሉ ተመራማሪዎች 96 ጥናቶችን አሰባስበው ያገኙት አማካይ ውጤት፣ ከ100 ልጆች መሀል ቦታ ላይ የነበረን ልጅ ሌሎቹ ባሉበት ቢቆዩ ከታች ሲቆጠር ወደ 64ኛ ደረጃ አካባቢ የሚያወጣ ነው። ይህም ለትምህርት ሥራ ትልቅ ነገር ነው። ከዚሁ ጥናት ለእኛ የሚጠቅሙ ሁለት ነጥቦች አሉ፦ መምህራንና የሠለጠኑ ረዳቶች ከበጎ ፈቃደኞች የተሻለ ውጤት ማስመዝገባቸው፣ በትምህርት ሰዓት ውስጥ የሚደረግ ማስጠናትም ከትምህርት በኋላ ከሚደረገው የበለጠ መሥራቱ። የመጀመሪያው ሥልጠና አታቃልሉ ይለናል። ሁለተኛውን እኛም አይተነዋል፤ ከትምህርት በኋላ ስናስጠና ብዙ ልጆች ቤተሰብ ለማገዝ ወደ ቤት ይፈለጋሉ፣ የቀሩትም ይደክማቸዋል። ርዕሰ መምህሩ ከክፍለ ጊዜዎቹ አንዱን ሲፈቅዱልን የሚቀረው ልጅ ቁጥር ወዲያው ቀነሰ።

የሥራችን ሁሉ ማከማቻ የልጁ የክትትል ደብተር ነው። አስጠኚው ከመሄዱ በፊት ሦስት አራት መስመር ይጽፍበታል፦ ዛሬ ምን ተሠራ፣ የቱ ላይ ተሰናከለ፣ ምን ሲባል ገባው፣ ነገ ከየት ይጀመር። «ጥሩ ነበር» ተብሎ የተጻፈ መስመር ለማንም አይረባም፤ «ሲበደር አሥር ቤቱን መቀነስ ይረሳል፤ በእንጨት ሲሠራ አይረሳም» የሚለው ግን ሌላ አስጠኚ ተቀብሎ ሊቀጥልበት ይችላል። በዚህ ምክንያት ለእያንዳንዱ ልጅ ዋና አስጠኚና ተጠባባቂ እንመድባለን፤ ተጠባባቂው ልጁን የሚያውቀው፣ ደብተሩንም የሚያነብ ነው። ዋናው ሲቀር ልጁ ከማያውቀው ሰው ጋር ከዜሮ አይጀምርም።

የሚመረቅ ወይም ወደ ልምምድ የሚወጣ አስጠኚ የሚለይበትን ቀን ለልጁ የሚነግረው ከወር በፊት ነው። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ተተኪው አብሮ ይቀመጣል፤ መጀመሪያ ዝም ብሎ ያያል፣ ቀጥሎ ጥቂቱን ያስጠናል፣ በመጨረሻ ሙሉውን ይዞ ነባሩ ዝም ይላል። ደብተሩን ለአዲሱ አስጠኚ የሚያስረዳው ልጁ ራሱ እንዲሆን እናደርጋለን፤ ከየት እንደጀመረ፣ አሁን ምን እንደሚችል፣ ምን እንደሚያስቸግረው ገጽ እየገለጠ ያሳያል። ተተኪ ያልተገኘለት ልጅ ካለ ደብተሩ ለክፍሉ መምህር በእጅ ይሰጣል፤ የልጁም ስም በሚቀጥለው ምዝገባ ዝርዝሩ አናት ላይ ይጻፋል።